የላቀው ምስክር

ላቀው የሞተው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኩላሊቱ መድከም ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር። ባሕር ዳር ለሕክምና የምንሄድበት ቀን ሦስት ጊዜ ተቆረጠ፣ ሦስቴም መንገዱ ተዘጋ። በመጨረሻ እሱ ራሱ «ተይው ዓለም፣ መሳፈር ሰልችቶኛል» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ከወረዳ ወረዳ ሲዞር ሰለቸኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበርና፣ እንደማይተርፍ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሚስቱ ነኝ፤ ዓለምጸሐይ እባላለሁ። እሱ ዐቃቤ ሕግ፣ እኔ አስተማሪ። እሱ በተዛወረ ቁጥር እኔም ማመልከቻ እየጻፍኩ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስከተለው ኖሬ፣ ሁለታችንም እዚሁ ንፋስ መውጫ ላይ ጡረታ ወጣን። እፎይ ብለን የተቀመጥነው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ከሦስቱም አንዱን በሽታው ወሰደው።

ቀብሩን ለረቡዕ ያሳደርነው ልጃችንን ህይወትን ለመጠበቅ ነው። ደብረ ታቦር የጤና ባለሙያ ናት። ግማሹን መንገድ በባጃጅ ግማሹን በእግሯ መጥታ፣ ረቡዕ ጠዋት ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረሰች። ታናሽ ወንድሟ ምንይችል ሐዋሳ ስለሚሠራ በስልክ አለቀሰ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አልቅሶ እስኪጨርስ ሰማሁት።

አራት ሰዓት ላይ ጥጋቡ መጣ። ላቀው ኮትኩቶ ያሳደገው ወጣት ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በቀብሩ ላይ እንዲያነብ የሥራ ባልደረቦቹ የመረጡት እሱን ነው። ሉክ ወረቀት ከኪሱ አወጣና አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበልኝ።

«አቶ ላቀው ታፈረ በ1954 ዓ.ም. እስቴ ውስጥ ተወለዱ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በእስቴ፣ በስማዳ፣ በታች ጋይንት፣ በእብናት፣ በመተማና በላይ ጋይንት በዐቃቤ ሕግነት በቅንነት አገልግለዋል። ለሥልጠና ናይሮቢ ድረስ ተጉዘዋል…»

ስህተት የለበትም። ግን የዝውውር ደብዳቤ ነው የሚመስለው። ናይሮቢ የሄደው ለአሥር ቀን ነው፤ ልጆቹ ምን አየህ ብለው ቢያስጨንቁት «ዝናብ» አላቸው። የእኔ ዝውውር ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ከደረሰም በኋላ እሱ ሳምንቱን በየቀበሌው ሲዞር ስለሚሰነብት፣ በየወረዳው ያገለገለውን አገልግሎት እኔ የማውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። የትም ይሁን የት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በበቅሎ፣ በጭነት መኪና፣ በእግሩ፤ ብቻ ይመጣል። መተማ ሳለ ብቻ ነው በወር አንድ ጊዜ የሆነው። እንደመጣ ጃኬቱን ይሰቅልና የልጆቹን ፀጉር ያጥባል። ሳሙና ዓይናቸው ውስጥ ሳያስገባ ፀጉር ማጠብ የሚችል ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። እሁድ ማታ ደብተራቸውን ገልጦ ያያል፤ ሰኞ ጠዋት ሲነሱ የለም።

ጥጋቡ ወደ መጨረሻው ደረሰ። «እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምጸሐይ፣ ልጆቻቸው ህይወትና ምንይችል፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛቸው ወይዘሮ ቦጋለች ከጎናቸው ሳይለዩ…»

«ሠራተኛ አይደለችም» አልኩት።

እስክሪብቶውን አወጣ። «ይቅርታ እትዬ። እናስ፣ ምን ልበላት? የሥጋ ዘመድ ናት?»

 ሃያ አምስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አብሬያት የኖርኩትን ሴት በአንድ ቃል ማን ናት ብባል የምለው አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1992 ዓ.ም. ስማዳ ነበርን፤ ህይወት ሁለት ዓመቷ ነው። ከወረዳው ከተማ ከወገዳ በእግር አምስት ሰዓት የሚያስኬድ አንድ ቀበሌ ውስጥ ወልደ ገብርኤል የሚባል ገበሬ በወሰን ጠብ በምሳር ተመትቶ ሞተ። የመታው መልካሙ የሚባል ጎረቤቱ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ አየሁ የሚል ግን ጠፋ። መልካሙ ወንድም የበዛለት፣ ክንዱ የሚፈራ ሰው ነው። ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ከአውድማ ስትመለስ። እሷም የመልካሙ የታናሽ ወንድሙ ሚስት፤ ቦጋለች።

ላቀው ወደዚያ ቀበሌ ሦስት ጊዜ በእግሩ ሄደ። በመጀመሪያው ሸሸችው፣ በሁለተኛው ጊዜ ባሏ አስቀምጦት በእሷ ፈንታ መለሰለት፣ በሦስተኛው ግን ምንጭ ላይ ብቻዋን አገኛት። ያላትን እሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። «የወልደ ገብርኤል ሚስት ስድስት ልጅ ይዛ ቀርታለች። ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ነይ፣ እኔ አለሁ» አላት።

እኔ አለሁ የሚለውን ቃል ላቀው ለስንት ምስክር ብሎታል መሰላችሁ። ዐቃቤ ሕግ ምስክሩን የሚያደፋፍርበት ቃል ነው። ቦጋለች ግን እንዳለ ወሰደችው።

ተዘዋዋሪው ችሎት ወገዳ መጥቶ ተቀመጠና ቆማ ያየችውን ተናገረች። የመልካሙ ጠበቃ «ፀሐይ ዓይንሽን ወግቶሽ ሌላ ሰው መስሎሽ ይሆናል» ቢላት፣ «ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች» አለችው። መልካሙ አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

የዚያኑ ቀን ማምሻ የባሏ ቤት በር ተዘጋባት። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ነበራት፤ አልሰጧትም። ወደ አባቷ ቤት ብትሄድ አባቷ ደም ይመጣብናል ብለው መለሷት። በማግስቱ ላቀው ቢሮ ሲደርስ ደጁ ላይ ቆማለች። ምንም አልያዘችም። ይዟት ቤት መጣ።

«ለጥቂት ቀን ነው» አለኝ።

ሁለት ክፍል ቤት ነበር የተከራየነው። አንዱን ክፍል ለእሷና ለህይወት ሰጠን። ላቀው በሕግ ልጇን ሊያስመልስላት ደክሟል፤ አባቱ እያለ የሚሆን አልሆነም። የአገሩ ሰዎችም ለልጁ ብላ ከመጣች በእግሯ አትመለስም ብለው ላኩ። በዓመቱ ወደ ታች ጋይንት ተዛወርንና አርብ ገበያ ገባን፤ ዕቃውን ስንጭን እሷም ተጫነች። ጥቂት ቀን የተባለው እንዲህ ሆኖ ቀረ።

አርብ ገበያ ላይ ወሬ ተነሣ። የአቶ ላቀው ሁለተኛ ሚስት ናት ተባለ። ዓርብ ዓርብ ወደ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ እህል እየሰፈሩ ያወሩት የነበረውን ሲያቋርጡ አያለሁ። የነፍስ አባታችን አባ ፊልጶስ፣ የዜማውን ትምህርት ድጓን ጋይንት ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ ሰው፣ መጥተው «ልጄ፣ ቤትሽ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው እንደ ሌላው ሰው ወሬ ሊለቅሙ አልነበረም፤ ፊቴን አይተው ነው የጠየቁት። ያን ቅዳሜ ላቀው ጃኬቱን እስኪሰቅል እንኳ አልጠበቅሁትም።

«እኔ ወይ እሷ» አልኩት።

ተቀመጠ።  «ነይ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ።

«ችሎቱ አልቋል ላቀው። ዓመት አለፈው።»

«ለዳኛው አልቋል።»

ህይወትን ይዤ እስቴ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ይመጣል ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሁለተኛው ቅዳሜ አለፈ። ሰኞ ዕለት ግን ቦጋለች መጣች። ከአርብ ገበያ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ እስቴ፣ በጭነት መኪና ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ። በዕድሜዋ መኪና ተሳፍራ የማታውቅ ሴት መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሳት ነው የመጣችው። ፊቷ ከአቧራው የተነሣ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«እትዬ ዓለም» አለችኝ፣ ደጁን ሳታልፍ። «እኔ ወደምሄድበት ልሂድ። እርስዎ ከቤትዎ ይመለሱ።»

«ወዴት ነው የምትሄጂ?»

 እንደዚያ ቆማ ሳለች ህይወት ከጓዳ ሮጣ ወጣችና ቀሚሷን ያዘች።

«ግቢና ፊትሽን ታጠቢ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት ብል ውሸት ነው። ደከመኝ እንጂ። እሷን አስወጥቼ የምኖረው ኑሮ አልታይ አለኝ። በማግስቱ አብረን ተመለስን። ላቀው አልመጣሁም ብሎ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ለምን አልመጣህም አላልኩትም። ናይሮቢ ሄዶ ሲመለስ ሦስት አንድ ዓይነት ሻርፕ ይዞ መጣ፤ ለእኔ፣ ለህይወት፣ ለቦጋለች። መለየት እንኳ አልቻለም ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

እሷ ግን ቤቱን ያዘችው። ምንይችልን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። ደመወዝ ቀርቶ ስጦታ ስንሰጣት ታፍራለች። ለራሷ ስትል የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ላቀው ለሥራ ስማዳ ደርሶ ሲመለስ፣ ወይም ከስማዳ ባለጉዳይ መጣ ሲባል፣ የእግር ውሃ ታቀርብለትና ቀና ሳትል ትጠይቀዋለች።

«ስለ ልጄ ያወራ ሰው አልመጣም?»

«አልመጣም ቦጋለች» ይላታል።

እኔ እዚያው ተቀምጬ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ይህንን ጥያቄና መልስ ከስማዳ ከወጣንበት ዓመት ጀምሮ እሱ አልጋ ላይ እስከወደቀበት ድረስ ሰምቻለሁ። ልጁ እንዳለ፣ ትምህርት ቤት እንደገባ፣ በሰው በሰው እንሰማለን። መልካሙም በ2004 ዓ.ም. በምሕረት ተፈትቶ አገሩ ገባ ሲባል ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ቦጋለች ገበያ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ትከናነብ ጀመር።

ይኸን ሁሉ ለጥጋቡ በምን ቃል ልንገረው? ቦጋለችን ጠራኋትና «የሕይወት ታሪኩ ላይ ስምሽ ይገባል። ምን እንበልሽ?» አልኳት።

ደነገጠች። «ኧረ እትዬ፣ ስሜ አይነሣ። የቀብር ሰው ከየአገሩ ነው የሚመጣ። ሰሚ አለ።»

«ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ?»

«ዓመት ምን ያደርጋል እትዬ? መልካሙ አለ። ይቅር፣ በእመቤቴ።»

ጥጋቡ እኔን አየኝ። ሰርዘው አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ማን እንደሆነች ከማስረዳት በመዳኔ እያፈርኩም እፎይ አልኩ። ጥጋቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማርያም ደጅ ቆሞ ወረቀቱን አነበበ፤ ቦጋለች ከሴቶቹ ኋላ ግንቡን ተደግፋ ሰማች። ላቀው ተቀበረ።

ዓርብ ሰልስቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሳሳ ሲል አንድ ሰው ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ጋቢ የለበሰ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የያዘ። ዝቅ ብሎ እጄን ሳመ።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎ። ከስማዳ ነው የመጣሁ። ኪዳን እባላለሁ።»

ስሙን አውቀዋለሁ። ቦጋለች በጸሎቷ ስትጠራው ከግድግዳ ማዶ ሃያ አምስት ዓመት የሰማሁት ስም ነው። እጁን አልለቀቅሁትም፤ ይዤው ከድንኳኑ ወጣሁና ከቤቱ ጎን ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥሁት።

«ማን ነገረህ?»

«ዐቃቤ ሕግ ላቀው ሞቱ ሲባል ገበያ ላይ ሰማሁ። እናቴ በሕይወት ካለች ለቅሶው ላይ አትጠፋም ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ካለች? አለች እንጂ። ሳታውቅ ነው?»

«ማን ነግሮኝ?» አለ። «እሳቸውንማ ጠይቄ ነበር።»

እሱም እንደ እናቱ ነው፤ ነገር አያበዛም። በ2006 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ ለማንም ሳይናገር ንፋስ መውጫ መጣ። ቢሮው ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀና ላቀው ሲወጣ አገኘው።

«ቦጋለች የምትባል እናቴን ፍለጋ ነው፤ የእርስዎ ምስክር ነበረች አልኳቸው። ቆመው አዩኝ። ማን ላከህ አሉኝ። ማንም አልላከኝ አልኩ። ከማን ቤት ነው የምትኖረው አሉኝ። አባቴ ሞቷል፣ ከአጎቴ ከመልካሙ ቤት ነኝ አልኩ።  ኋላ፣ እንዲህ ያለች ሴት የት እንደገባች አላውቅም አሉኝ። ምሳ አበሉኝና መናኸሪያ ድረስ ወስደው እሳቸው ራሳቸው አሳፈሩኝ።»

ከቢሮው እስከ ቤታችን አሥር ደቂቃ አይሞላም። ያን ቀን እሷ እዚህ ግቢ ውስጥ ነበረች።

ላቀው ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ወዲያው ገባኝ። መልካሙ ከተፈታ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጁ የሚኖረው እሱ ቤት ነው። ልጁን ልኮ ቤቷን ሊያውቅ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። መጠርጠር እንጀራው ነበር። ቢያስጠጋውና እሷ ብትገደል፣ እኔ አለሁ ብሎ ያስመሰከራት ሰው ምን ይላል? ይኸ ሁሉ ገባኝ። ያልገባኝ፣ ከዚያ በኋላ ቤት መጥቶ የእግር ውሃዋን መቀበሉ ነው። «አልመጣም ቦጋለች» እያለ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት መኖሩ ነው። ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሞቶ ባይሆን ኖሮ ያን ዕለት እጮህበት ነበር። የምጮህበት ሰው አልነበረም፤ ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች ስለ ቅንነቱ ያወራሉ።

ለጊዜው ልጁን ላቆየውና ላስብበት ብዬ ነበር። ግን ማሰቢያ አቅም አልነበረኝም። «ቦጋለች!» ብዬ ተጣራሁ።

እጇ ሊጥ እንደነካ ወጣች። ኪዳን ብድግ አለ። አየችው፤ ግንባሩን አየችው፤ ማን ነህ አላለችውም።

«መልካሙ ነው የላከህ?» አለችው። ከልጇ ጋር ከተለያየች በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸ ነበር።

«አጎቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሁለት ቀን በፊት ስሜ አይነሣ ብላ የለመነችኝ የሞተ ሰው ፈርታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገረውም፤ ተነሥቼ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ሁለቱም ሲያለቅሱ ለቀስተኛው ለላቀው የሚያለቅሱ መስሎት አብሮ አለቀሰ።

ማምሻውን ሰው ሲሄድ፣ እኔ፣ ህይወትና ሁለቱ ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ህይወት እህል አቀረበች፤ ኪዳን አልነካውም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አለ። «እሳቸው ሰውን ሁሉ እውነቱን ተናገር እያሉ የኖሩ ናቸው። እኔን ለምን ዋሹኝ? የት እንዳለች አላውቅም አሉኝ እኮ፣ እዚሁ እያለች።»

ህይወት ወደ እኔ ዞረች። አባቷ እንዲህ ያደርጋል ብላ ልታምን አልቻለችም፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ቦጋለች ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች። «ልጄ ከመጣ የለችም ይበሉት ብዬ ያስማልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ምን ያድርጉ?»

«አንቺ?» አለ ኪዳን።

«ፈራሁ። ላንተም ፈራሁ፣ ለራሴም ፈራሁ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወገዳ ችሎት ፊት ስትመሰክር አላየኋትም እንጂ እንዲህ ሆና ይሆናል የቆመች ብዬ አሰብሁ። ልዩነቱ፣ አሁን የተናገረችው ውሸት መሆኑ ነው። እኔ አውቃለሁ። አልመጣም ሲላት የሰማሁ እኔ ነኝ፤ ስለ ልጄ ያወራ አልመጣም ወይ እያለች የጠየቀችውን ሁሉ የሰማሁ እኔ ነኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አንድ ቃል ብናገር እሷ ትጸዳለች፣ ላቀው ይወድቃል፤ በልጇም ፊት በልጄም ፊት።

አልተናገርሁም። ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ኪዳን ሌሊቱን ድንኳኑ ውስጥ አደረ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት ከእናቱ ጋር ብዙ አላወራም። ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ስታልፍ ነጠላዋ መሬት ሲጎተት አይቶ አነሣላት። ማክሰኞ ጠዋት «ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች። እንሂድ» አላት። እሷ እኔን አየችኝ።

«ሂጂ» አልኳት።

ልብሷን በአንድ ፌስታል አደረገች። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ፌስታል አልሞላም። ኪዳን ባጃጅ ሊጠራ ሲወጣ ደጅ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት።

ማስመሰል አላስፈለጋትም። «እትዬ፣ ኪዳን ይቀየመኝ ግድ የለም፤ እናቱ ነኝ፣ ይተወዋል። አባቷን ግን ህይወት ስትጠላቸው ማየት አልፈልግ።»

«አንቺስ አልጠላሽውም?»

 ባጃጁ ከታች ሲመጣ ይሰማል።

«አሥር ዓመት ነው እትዬ» አለች። «አሥር ዓመት ልጄ ሙሉ ሰው ሲሆን እንዳላይ አደረጉኝ። ደግሞ በር ሲዘጋብኝ በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቅቶኛል። አንዱን ሳነሣ አንዱ ይወድቅብኛል።» ከዚያ ሁለት ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ከስንት ዓመት በኋላ እትዬ ዓለም ሳትለኝ «ዓለም፣ ደህና ሁኝ» ያለችኝ ያን ዕለት ነው።

ህይወት ከአሥራ ሁለቱ ቀን በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጎረቤቶች ቦጋለች የት ሄደች ይሉኛል፤ ልጇ ዘንድ እላለሁ። ልጅ አላት እንዴ ይላሉ። ለሕይወት ታሪኩ የተጻፈውን ወረቀት ጥጋቡ በፕላስቲክ አስጠርዞ አመጣልኝ፤ አልማሪያው ላይ አስቀመጥሁት። ሁለት ጊዜ ላነበው አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። በላቀው ላይ ያለኝ ንዴት ሄደ ስል ይመለሳል። ሊጥ ሳቦካ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጆሮዬ ደጁን ይጠብቃል፤ መናደዴንም እረሳለሁ።

ለአርባው ቦጋለች መጣች። በእግሯ ግማሽ ቀን ሄዳ፣ ቀሪውን ተሳፍራ፣ የገብስ ጠላ በጄሪካን ይዛ። ከስታለች፣ ግን ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። የልጅ ልጅ አግኝታለች፤ ሴት ናት። ማርያም ደጅ ፍትሐቱ ሲደረስ ከእኔ አጠገብ ቆመች። ከአርብ ገበያ ድረስ የመጡት አባ ፊልጶስ፣ ዕድሜ አጎብጧቸው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው የላቀውን የክርስትና ስም ሲጠሩ፣ እሷ ከማንም ቀድማ ተንበረከከች።

ኪዳን አብሯት መጥቶ ኖሯል፤ ቅጽሩን ግን አልገባም። ከበሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጠበል ጸዲቁ ሲቀርብ ሰዎች ጥሩት ጥሩት አሉ። እኔ አላስጠራሁትም። እንጀራና ወጥ በሳህን አድርጌ፣ በሌላ እጄ ጠላ ይዤ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁለት። ሲያየኝ ተነሣ።

«እማማ፣ ለእርስዎ ቅያሜ የለኝም» አለኝ። «እግሬ አልገባ ብሎኝ ነው።»

«ደግ አደረግህ» አልኩት። «ተቀመጥ፣ ብላ። እኔም እግሬ ደክሞኛል።»

ድንጋዩ ለሁለት ይበቃ ነበር። ጠጋ አለልኝና ተቀመጥሁ። ከውስጥ ሰው ያወራል፣ ሳህን ይንኳኳል። እሱ ቀስ ብሎ በላ። በልቶ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆየሁ።